እማማ ቶሜ እንጉዳይ ይዘው መጡ

ከሌባ ይልቅ የሚያስፈራ ጎረቤት አለ፤ እሱም የሚመግብ ጎረቤት ነው። ለሌባ በር ይቆለፍበታል፣ ውሻ ይታሰርበታል፣ ፖሊስ ይጠራበታል። ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ትንሽ ነገር ናት፣ አትረባም» እያለች ደጃፍህ ላይ ለቆመች የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ግን እስካሁን ቁልፍ አልተሠራላትም። እንዲህ ያለች ሴት በየሀገሩና በየሰፈሩ አትጠፋም። ማንም አይሾማትም፣ ማንም አይሽራትም።

በአኪታ ተራሮች ሥር የተሸጎጠችው ኩሮሳዋ አሥራ ዘጠኝ ቤት ናት። የኩሮሳዋ ጠቅላይ መጋቢ ክብርት እማማ ቶሜ ኩዶ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ ምሳ አብሳይ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጥቶ ሲዘጋ የወጥ ቤቱን ቁልፍ አስረከቡ እንጂ ሥራውን አላስረከቡም። የመንደሩ ሊቀመንበር አቶ ኦኖዴራ የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው፤ እማማ ቶሜን መንገድ ላይ ሲያዩ ግን ካሮቱን ሳይጨርስ እንደተያዘ ተማሪ ትከሻቸው ይሰበሰባል።

ፕራሞድ ከኔፓል መጥቶ በመንደሩ መጋዝ ቤት ሥራ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ግንድ የሚሰነጥቀው ክብ መጋዝ አያስፈራውም። እማማ ቶሜ ግን ያስፈሩታል።

ነገሩ የጀመረው በኪያር ነው። በመጣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሞቃቱ ወር፣ አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍት በቅርጫት የተሞላ አርባ ኪያር አገኘ። ሚስቱ ሱሺላ «ዕቃ ባዶውን አይመለስም» ብላ ቅርጫቱን በቅመም ያበደ የምስር ወጥ የያዘ ሳህን አስቀምጣበት መለሰች። እማማ ቶሜ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሳህን ይዘው መጡ። ሱሺላ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋ የተጠቀለለበት ሊጥ ላከች። አሮጊቷ ሦስት ሳህንና አንድ ባልዲ ይዘው ተመለሱ። ባልና ሚስት እስከ ኅዳር ድረስ ተዋግተው እጃቸውን ሰጡ።

«አንችላቸውም» አለች ሱሺላ። «ስንቅ ያላቸው እሳቸው ናቸው።»

በፀደይ በአመድ የተቀቀለ የተራራ ቅጠል ይመጣል። በክረምት ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ በጢስ የጠቆረ ፍጅል ይመጣል። እንደ ሙጫ የሚሳብ የተብላላ አኩሪ አተር መጥቷል። በስኳር የተቀቀለ ፌንጣም መጥቷል፤ ፕራሞድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲውጥ የስድስት ዓመት ሴት ልጁ ግን እግሩን እየለቀመች ጨርሳ ጨምሩልኝ አለች። እማማ ቶሜ ሁልጊዜ በር ላይ ቆመው ያንኑ ቃል ይናገራሉ፦

«በሞቴ ቅመሱት። እኔ በልቼዋለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

እስከዚህ ድረስ ፍርሃቱ የሆድ ፍርሃት ነበር። እውነተኛው ፍርሃት የገባው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እማማ ቶሜ በሩዝ ማሳ መካከል ለቆመው የወፍ ማስፈራሪያ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሲሰጡ፣ ከዚያም ስለ ዝናቡ ለረጅም ጊዜ ሲያወያዩት ታዩ። በዚያው ሳምንት ለፖስተኛው ሻይ በጨው አቀረቡ። ፖስተኛው ጠጥቶ አመስግኖ ሄደ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የእንጉዳይ ወቅት ገባ።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሬዲዮው ያስጠነቅቃል። በተራራው ላይ በአንድ የወደቀ ግንድ ላይ ጎን ለጎን የሚበቅሉ ሁለት እንጉዳዮች አሉ። አንዱ ይበላል፣ ሌላው መርዝ ነው። መልካቸው አንድ ነው። መርዘኛው ለሁለት ሲሰነጠቅ ከእግሩ ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ልዩነታቸው እሷ ብቻ ናት። ከማስፈራሪያ ጋር ስለ ዝናብ የሚወያይ ሰው ይህችን ነጥብ እንዴት ያያታል? ፕራሞድ ይህን ሲያስብ የቁርስ ፍላጎቱ ይጠፋል።

«አትሥጉ» አሉ እማማ ቶሜ የዚያን ዓመት የመጀመሪያውን የእንጉዳይ ሳህን ሲያስረክቡ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው። «ደበርጃን ጨምሬበታለሁ። ደበርጃን መርዝ ይገድላል።»

በሩ ሲዘጋ ባልና ሚስት ሳህኑን እንደ ፈንጂ ከበው ቆሙ።

«ደበርጃን መርዝ አይገድልም፤ ሬዲዮው የድሮ ሰው ወሬ ነው ብሏል» አለ ፕራሞድ።

«እሱስ ይሁን» አለች ሱሺላ። «መርዝ ከሌለበት ደበርጃኑ ምን ይሠራል?»

ፕራሞድ ሳህኑን በላስቲክ ገልብጦ ወደ ወንዙ ወረደ። ከሸንበቆው ጀርባ አቶ ኦኖዴራን አገኛቸው። እሳቸውም ላስቲክ ይዘዋል። ሁለቱ ሰዎች ተጎንብሰው ሰላምታ ተለዋወጡ።

«አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል» አሉ አቶ ኦኖዴራ።

«አዎ፣ ቀዝቀዝ ብሏል» አለ ፕራሞድ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የኩሮሳዋ ወንዝ ዓሣ በየጥቅምቱ ሠርግ ነበረለት። ጠዋት ሳህኑ ይመጣል፣ ይጣላል፣ ሳህኑ ታጥቦ ፍራፍሬ ተደርጎበት ይመለሳል። «እንዴት ነበር?» ይላሉ እማማ ቶሜ። «ግሩም ነበር» ይላል የቀረው አሥራ ስምንት ቤት።

ዘንድሮ ግን ሰው ሁሉ ጨነቀው። አንድ ቀን የሚያድር እንግዳ፣ ከከተማ የመጣ የልጅ ልጅ ሳያውቅ ቢበላስ? አቶ ኦኖዴራ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል። እንጉዳዩን ያቁሙ።»

ሁሉም የሻይ ኩባያውን ማየት ጀመረ።

«ሊቀመንበራችን እርስዎ ነዎት» አለች አንዲት ሴት።

«እኔ? ስድስት ዓመት ከእጃቸው ምሳ በልቼ፣ ዛሬ እጅዎን አናምነውም ልበላቸው? ከዚህ ከእጃቸው ሌላ ምን አላቸውና?» ዓይናቸው ቤቱን ዞሮ ፕራሞድ ላይ አረፈ። «ፕራሞድ፣ አንተ ግን እንግዳ ነህ። እንግዳ ነገር ቢያበላሽ ይታለፍለታል።»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነው እኮ።»

«ለዚች ጉዳይ እንግዳ ነህ።»

ጭብጨባ ተሰማ። ፕራሞድ ተመረጠ።

ንግግሩን በመጋዙ ጩኸት ውስጥ ሲለማመድ ሰነበተ። «እማማ፣ ዓይንዎ» ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። «እማማ፣ ተራራው ለእርስዎ አድካሚ» ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። እሳቸው በየጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሳህናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ «ግሩም ነበር» ይላል። አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። ቢነግራቸው ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። ሳህኑን ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ይቅርታ ጠይቀው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሚያስነሣቸው ነገር አይኖርም።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ በሩ አልተንኳኳም። አንድ ሰዓት ሆነ።

«አልመጡም» አለች ሱሺላ።

ፕራሞድ ደስ አለው። ደስታው ጫማውን አስሮ እስኪጨርስ አልቆየም። ከቤታቸው እስከ እማማ ቶሜ ቤት ያለችውን ቁልቁለት ሮጠ።

በሩ እንደወትሮው አልተቆለፈም። አሮጊቷ ከምድጃው አጠገብ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ አጠገባቸው የማስታወኪያ ሳፋ አለ። ምድጃው ላይ ክዳኑ ያልተነሣ ትልቅ ድስት ተቀምጧል።

«ማን ነው? ፕራሞድ ነህ? ጫማህን አውልቅ» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«የእናንተን ዛሬ አላመጣሁም። አልሆነም።»

«ምን በሉ?»

«ትናንት የለቀምኩትን። ከራት ጋር ቀመስኩት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ እበላዋለሁ። አድሬ ደህና ከተነሣሁ አመጣላችኋለሁ፤ ካልተነሣሁ አላመጣም። ልጅ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል። እስከ ዛሬ ደህና ነበር።»

ፕራሞድ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። አሥር ቀን ያጠናው ንግግር አንድ ቃል ሳይቀር ጠፋበት። እነሱ ለዓሣ ሲሰጡት የኖሩት ምግብ አንድም ቀን መርዝ ኖሮበት አያውቅም፤ እኚህ ሴት በየማታው በገዛ ሆዳቸው ሲፈትሹት ነበር። ገዳያችን ናቸው ብሎ ሲፈራቸው የኖረው ሰው አሁን እንዳይሞቱበት ፈራ፤ ይኼኛው ፍርሃት ደግሞ ከዚያኛው በጣም ይብሳል። ስልኩን አውጥቶ አምቡላንስ ጠራ።

አምቡላንሱን ተከትሎ ግማሹ መንደር በየመኪናው ክሊኒክ ደረሰ። ሐኪሙ ዛሬን ይከፋቸዋል እንጂ ለክፉ አይሰጣቸውም፣ ይድናሉ አለ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ያኔ ነው ከጤና ቢሮ የተላከች ወጣት ሴት ቅጽ ይዛ የገባችው። እማማ ቶሜ የተኙት ከስስ መጋረጃ ጀርባ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማል።

«ባለፉት ሦስት ቀናት ከእሳቸው እንጉዳይ የበላችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች ልጅቱ። «የበላ ሰው ደሙ ይመረመራል፣ እስከ አመሻሽ እዚህ ይቆያል። ያልበላ ወደ ሥራው መሄድ ይችላል።»

ያልበላ የሚለውን ሁሉም ሰማው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሲጥ አለ፤ እማማ ቶሜ ጆሯቸውን እያቀኑ ነበር።

መርፌ ሲያዩ የሚያዞራቸው አቶ ኦኖዴራ እጃቸውን አወጡ። ቀጥሎ ሚስታቸው። ቀጥሎ ፖስተኛው። ፕራሞድም አወጣ።

«ሁላችሁም?» አለች ልጅቱ። ወደ ፕራሞድ ዞረች። «ቤተሰብዎም በልተዋል?»

ሱሺላና ልጁ ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። «አይ። የእነሱንም ድርሻ እኔ ነኝ የበላሁት።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችውና ጻፈች።

ክንዳቸው ላይ ጥጥ ተለጥፎ በወንበር ተደረደሩ። ለፕራሞድ የደረሰው ከመጋረጃው አጠገብ ያለው ነው።

«ፕራሞድ» አለ ድምፁ።

«አቤት እማማ።»

«የማክሰኞው እንዴት ነበር?»

«ግሩም ነበር» አሉ አቶ ኦኖዴራ ከወዲያ።

«አንተን አልጠየቅኩም።»

ፕራሞድ አፉን ከፈተ። ግሩም የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ግን ያን ጊዜ ያ ክዳኑ ያልተነሣ ድስት ታየውና ቃሉ አልወጣ አለ። ያልቀመሰውን ምግብ እንዴት ያወራዋል? አስቦበት ሳይሆን በፍርሃት ሌላ ቃል አመለጠው።

«ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር።»

አቶ ኦኖዴራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፖስተኛው ወለሉን አየ። መጋረጃው ተገለጠና አጥንቱ የወጣ እጅ፣ ቀጥሎም የእማማ ቶሜ ፊት መጣ። ዓይናቸው ረጥቧል።

«በዝቶበት ነበር?»

«ትንሽ ነው፣ እማማ። ብዙም አይደለም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆች አብልቻለሁ» አሉ። «የሚበላ ልጅ ጨው በዛ ይላል፣ ቀዘቀዘ ይላል፣ ካሮት አልወድም ይላል። ግሩም ነው የሚለኝ ከጠረጴዛ ሥር የሚደፋው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ግሩም ነው፣ ግሩም ነው ስትሉኝ የምትጥሉት መስሎኝ ነበር።»

አቶ ኦኖዴራ ክንዳቸው ላይ ያለውን ጥጥ እንደ ካርታ መመርመር ያዙ።

«እውነትህን ነው ደግሞ» ቀጠሉ እማማ ቶሜ። «የማክሰኞው ጨው ከእጄ አምልጦኝ ነበር። ስማ፣ ከእንግዲህ ብቻዬን አልወጣም። አብረን ነው የምንወጣው። ዓይን አለህ፣ ምላስም እንዳለህ ዛሬ ገባኝ።»

«እኔ እንጉዳይ አላውቅም፣ እማማ።»

«አንተ ነጥቧን ታያለህ፣ ሌላውን እኔ አውቀዋለሁ። ቦታውን ለገዛ ልጄ እንኳ አላሳየሁትም፤ አፍህን ትዘጋለህ።»

አቶ ኦኖዴራ በቅናት ቀና አሉ። ያንን ቦታ ለማወቅ መንደሩ ስልሳ ዓመት ሞክሯል።

«ተራራው ላይ ያለው ድብስ?» አለ ፕራሞድ።

«ድብ በጠረኑ ይታወቃል፤ ዓይን አይፈልግም።» መጋረጃውን መልሰው ሳቡት። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ፕራሞድ ድቡን ፈራ። ገደሉን ፈራ። ጥቁሯ ነጥብ ብታመልጠው ብሎ ፈራ። ከሁሉም በላይ ከእንግዲህ የሚመጣው ሳህን አስፈራው፤ ምክንያቱም የግድ ይበላዋል፣ በልቶም ስህተት ያወጣለታል። ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ለሱሺላ ደወለላት።

«ይድናሉ» አላት። «የተራራ ጫማዬን ፈልጊልኝ።»

ነገሩን ሁሉ ተረከላት።

«ጓንትም ያስፈልግሃል» አለች ሱሺላ። «ሲነቁ የእሳቸውንም የእጅ ልክ ጠይቅልኝ። እንጉዳይ የሚለቅሙበት ጓንታቸው ጣቱ ተቀድዷል።»