ሦስት ልጅ፣ አንድ አባት፣ ሦስት አያት

ይህን ሳልነግራችሁ ባድር ሆዴ ይነፋል፤ ስለዚህ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ልጅ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ሂዱና "ሙሉ ስምህ ማነው?" ብላችሁ ጠይቁት። እጠብቃለሁ።

ጠየቃችሁ?

የአያቱን ስም በትክክል ተናገረ?

በቃ፣ ከእኔ ትሻላላችሁ።

ለአዲስ ፎሎወሮቼ ራሴን ላስተዋውቅ። ከሚሴ ነው የምኖረው፤ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ሐያት ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ስለጀመረች ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፣ የሳሙና ካርቶን አይቀራትም። ሙአዝ አምስት ዓመቱ ነው፤ የማያውቀውን ነገር "አላውቅም" ብሎ አያውቅም። ኢምራን ሦስት ነው፤ ጫማ ጠላቱ ነው። ሱመያ ጥርስ እያወጣች ስለሆነ ሰውም ዕቃም ትነክሳለች። ባለቤቴ ጀማል ፍየል ነጋዴ ነው፤ እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ይውላል።

ዛሬ እሁድ ነው። ስለዚህ ብቻዬን ነበርኩ።

አሁን ወደ ነገሩ። የጀማል አባት ጨፋ ሮቢት ነው የሚኖሩት። ስማቸውን አልነግራችሁም።

ጠፍቶኝ አይደለም! እዚህ አገር ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ይህን ያህል አይጠበቅም ነበር። ባገባሁ በሳምንቱ የጀማል እናት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አጠገባቸው አስቀምጠው ነገሩኝ። "እኔም የአማቴን ስም እስኪሞቱ ድረስ አልጠራሁም" አሉኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ ልክ የለኝም። የሰፈራችን ባለሱቅ የጀማል አባት ሞክሼ ስለሆነ ይኸው ስምንት ዓመት "ባለሱቁ" ነው የምለው። አሁን አሁን ሰውየው ራሱ ስሙን የረሳው ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት አማቴ ደወሉ። ከዚህ በኋላ "አማቴ" ስል የጀማልን አባት ነው።

"ልጆቹ አባቶቻቸውን ይቆጥራሉ?" አሉኝ።

ለማታውቁት፣ እዚህ ልጅ አባቶቹን ይቆጥራል። ከራሱ ስም ይጀምርና የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ፊት "የማን ልጅ ነህ?" ተብሎ ዝም ካለ ደግሞ የሚታፈረው በልጁ አይደለም። በእናቱ ነው።

እና ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው?

"አልሐምዱሊላህ አባባ፣ እስከ ሰባት! እንደ ውሃ ነው የሚያወርዱት!"

ሰባት!

ስዋሽ እንኳ ሦስት ብዬ አልጀምርም።

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "እንግዲያው እሁድ ጓደኞቼን ሼህ ሰይድንና ሐጂ ኡመርን ይዤ እመጣለሁ፤ ይስሙልኝ" አሉ።

የጀማል እናት ካረፉ ወዲህ እኚህ ሰውዬ ከመስጊድ በቀር የትም አይሄዱም ነበር። ጀማል ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል። እኛ ጋ ኑ፣ ልጆቹን እዩ፣ እዚህ ሰንብቱ ብሎ። እምቢ! አሁን ራሳቸው ደውለው እመጣለሁ አሉ። ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ገባኝ። ይቺን ካበላሸሁ ተመልሰው ቤታቸው ይገባሉ፣ በሩንም ይዘጋሉ።

ስለዚህ ማስተማር ጀመርኩ።

አንድ ላይ ላስተምራቸው ብል ይደባደባሉ፤ ተራ በተራ ያዝኳቸው። ሐያትን ጸጉሯን እየሠራሁ፣ "ሐያት… ጀማል…" አልኩና ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ አፌ ቆመ። ወላሂ ቆመ! "እ… አባባ። ለጊዜው አባባ በዪ፤ አባትሽ ያስተካክለዋል" አልኳት።

ሙአዝን እያጠብኩ ሞከርኩ። "ሙአዝ፣ ጀማል፣ እንግዲህ ከዚያ እሳቸው ናቸው" አልኩት።

ኢምራንን ሱሪ እያለበስኩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የአማቴን ፎቶ በጣቴ አሳየሁትና "እኚህ!" አልኩት። እሱም በጣቱ አሳየና "እኚህ!" አለ። ጎበዝ ልጅ ነው።

ጀማል ሊያስተካክለው አይደል? ጀማል ልጆቹ ሳይነሱ ይወጣል፣ ተኝተው ይገባል። "እሺ፣ ነገ" ይላል። በመጨረሻ "ቮይስ እልክልሻለሁ፣ አሰሚያቸው" አለኝ። ትናንት ቮይሱ መጣ። ሦስቱንም አሰልፌ ስልኩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

"ሙዝ ልግዛ ወይስ ፓፓያ?" አለ ስልኩ።

በቃ ጎረቤቴ ዘህራ ጋ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። "እባክሽ ያንን ስም አንቺ ጥሪላቸው" አልኳት። ዘህራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለካ ረስቼው ነው፣ እሷም የአማቴ የወንድማቸው ልጅ ሚስት ናት! እሷም ምራት ናት! እሷም አትጠራም!

ሁለት ትልልቅ ሴቶች በር ላይ ቆመን አንድ ስም የሚጠራልን ሰው አጣን።

"ባለሱቁስ?" አለች ዘህራ።

ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ባቲ ሄዷል።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዛሬ ደረሰ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ባጃጁ በር ላይ ቆመ። አማቴ አዲስ ሽርጥ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ሼህ ሰይድ ተከተሉ። ሐጂ ኡመርን ደግፈን አወረድናቸው፤ ጆሮአቸው ትንሽ ከበድ ይላል። ልጆቹ የኢድ ልብሳቸውን ለብሰዋል። የኢምራን አንድ እግር ጫማ የለውም። ሌላኛው ጫማ ውሃ በርሜል ውስጥ ነው፤ በኋላ ነው ያገኘሁት።

አስታጠብኳቸው፣ ሩዙንና የፍየል ሥጋውን በትሪ አቀረብኩ፣ ቬንቲሌተሩን ወደ እነሱ አዞርኩ። ሱመያ የሼህ ሰይድን መቁጠሪያ፣ ተስቢሁን፣ እየነከሰች ነው፤ እሳቸውም ዝም ብለው ይተዉላታል። ሁሉ ነገር ማሻአላህ ነው።

አማቴ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱና መልሰው ያዙት። "ቆይ፣ መጀመሪያ ልጆቹን እንስማ" አሉ።

ያ ረቢ።

"ኮቱ" ብለው ሐያትን በኦሮምኛ ጠሯት። ሐያት ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

"መቃን ኬ ኤኙ?" አሏት፤ ስምሽ ማነው ማለት ነው።

"ሐያት ጀማል አባባ!"

"ማን አለች?" አሉ ሐጂ ኡመር።

"አባባ አለች!" አሉ ሼህ ሰይድ ጮክ ብለው።

"አባባ ማን?"

"አባባ ብቻ!"

አማቴ ፈገግ አሉ። "አፍራ ነው" አሉ። "ና አንተ ጎበዙ።"

ሙአዝ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። ይህ ልጅ ሲተማመን እኔ እፈራለሁ።

"ሙአዝ ጀማል እሳቸው!"

"ከዚያስ?" አሉት።

ሙአዝ አሰበ። አላውቅም ይላል ብላችሁ ነው? በሩን አየ። በሩ ላይ የቆመውን አየ።

"ከዚያ… ባጃጅ።"

"ምን አለ?" አሉ ሐጂ ኡመር።

"ባጃጅ አለ!"

"ባጃጁ መጣ እንዴ? ገና አልበላን!"

ኢምራንን ማንም አልጠራውም። እንግዲህ ተራው መሆኑን ማን እንደነገረው አላህ ይወቅ። ብስኩት ጎርሶ፣ በአንድ ጫማ እየሮጠ መጣና ጣቱን አማቴ አፍንጫ ላይ ደቀነ። "ኢምራን ጀማል እኚህ!"

እሱስ ቢያንስ ሰውየውን አልሳተም።

ሦስት ልጅ፣ አንድ አባት፣ ሦስት አያት። አንደኛው ደግሞ ቅድመ አያቱ ባጃጅ ነው።

እኔ መጋረጃው ጀርባ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል ነበር፤ መሬቷ ሊሾ ስለሆነች አልተከፈተችም።

አማቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር! እጃቸውን ከትሪው ጠርዝ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሳይበሉ።

"የጀማል እናት እስክትሞት አባ ጀማል እንዳለችኝ ነው" አሉ ለጓደኞቻቸው። "ልጆቼ አባ ይሉኛል፣ ምራቶቼ አባባ ይሉኛል። በስሜ የሚጠሩኝ እናንተ ሁለታችሁ ቀራችሁ። አንዳችሁ ደግሞ አትሰሙም።"

"እህ?" አሉ ሐጂ ኡመር።

"ከእናንተ በኋላ ስሜን ማን ያውቀዋል? ከልጅ ልጆቼ አፍ ልስማው ብዬ ነበር የመጣሁት" አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ፈለጉ።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፤ ይህን ስጽፍም እየመጣ ነው። ከመጋረጃው ወጣሁና መሃል ቤት ቆምኩ።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰባት ያልኩት ውሸቴን ነው። ላስተምራቸው ፈልጌ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ።"

"ለምን እምቢ ይልሻል?"

"ነውር ነዋ!"

አዩኝ።

"ጎረቤት አልነበረሽም?"

"ዘህራን ጠይቄ ነበር። እሷም ምራት ናት።"

"ጀማልስ?"

"ጀማል ስለ ሙዝ ነው ያወራው።"

መጀመሪያ የሳቁት ሼህ ሰይድ ናቸው። "ሰማህ? ይቺ ልጅ አክብራ አክብራ ከዘር አወጣችህ!" አሉና ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሐጂ ኡመር ምን እንደሆነ ባያውቁም አብረው ሳቁ። አማቴ ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ። ከዚያ እሳቸውንም አሸነፋቸው። እኔ ቆሜ እያለቀስኩ ነው፤ ሱመያ ደግሞ እግሬን እየነከሰችኝ ነው።

ሲረጋጉ ኢምራንን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና ስማቸውን ቀስ ብለው ነገሩት። እኔ አሁንም አልጽፈውም፤ "እገሌ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጅ ያላችሁ ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሳምንት ሙሉ ያልገባላቸው ነገር በአንድ ቅጽበት ገባ። ገብቶም አልወጣ አለ!

"እገሌ! ብላ እንጂ!" አለ ኢምራን።

"እገሌ፣ ከዘራህን ስጠኝ!" አለ ሙአዝ።

"አንተ እገሌ፣ እኔ ነኝ ትልቋ!" አለች ሐያት።

አንተ! ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው አንተ! እኔ ከወዲያ ወዲህ እየሮጥኩ "አባባ በሉ! አንቱ በሉ!" እላለሁ፤ ማንም አይሰማኝም። ዘህራ ጩኸቱን ሰምታ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች፤ ስሙን ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ተመለሰች።

"ተያቸው" አሉኝ አማቴ። "ይጥሩኝ።"

እና በሉ። ኢምራን "እገሌ፣ ብላ!" ባላቸው ቁጥር ይጎርሳሉ። እየበሉ ቅድመ አያታቸውን ነገሯቸው፣ ከዚያም በላይ ያለውን ነገሯቸው። ልጆቹ እስከ አራት አባት ደርሰዋል። ሙአዝ መጨረሻው ላይ ባጃጅን አሁንም ይጨምራል፤ ሼህ ሰይድ "ይሁን፣ አድርሶናል" ብለው ፈቅደውለታል።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሱ አማቴ ከተቀመጡበት አልተነሱም። "እኔ እሰነብታለሁ" አሉ። እኔ ሐጂ ኡመርን ሆንኩ፤ "እህ?" አልኩ። "እሰነብታለሁ!" አሉ።

እጃቸውን ላስታጥባቸው ስጠጋ ቀስ ብለው "አንቺስ?" አሉኝ።

"እኔ ምን?"

"ስሜን።"

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ኔትወርክ የለም! "ተይው፣ ይቅር" ብለው ሳቁ። እኔ ግን አንጀቴን በላኝ። ስምንት ዓመት ልጃቸው ቤት ኖሬ፣ አንዲት ቃል ጠይቀውኝ!

ይኸው አሁን ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊል ነው። አማቴ ማዶ ክፍል ጋደም ብለዋል፤ ኢምራን ደረታቸው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እኔ ይህን እየጻፍኩ ነው። እንዲህ ስል አሰብኩ፣ አፌ ባይችል ጣቴ ይችላል። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። አሁን ግን አላጠፋውም።

እንድሪስ።

ጻፍኩት! እጄ አልተቆረጠም!

አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር። ሐያት ከጀርባዬ ቆማ ስልኬን እያነበበች ነበር። ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ እንደምታነብ ነግሬያችኋለሁ አይደል?

"እ… ን… ድ… ሪ… ስ! እንድሪስ! እማዬ 'እንድሪስ' አለች!"

ከማዶ ክፍል "አቤት!" አሉ።

አቤት አሉኝ። እኔን!

ስልኬን ይዤ ጓዳ ገባሁ፤ እስካሁን ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ሱመያም ተከትላኝ መጥታለች፤ ጆንያውን እየነከሰች ነው።

አሁን ኮመንት ላይ ፍረዱኝ። መጻፍ እንደ መጥራት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ቶሎ በሉ! "ምን ፈልገሽ ነው የጠራሽኝ?" እያሉ ነው።