አቶ ራንጌል የዘጉት ገጽ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ካልከለከለ የሠራ የማይመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ሰው አልፎ አልፎ ያርፋል፣ እርሱ ግን ዕረፍት አያውቅም።

በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን በሩሴ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ራንጌል ታባኮቭ ናቸው። ድርጅታችን የትምህርት ቤቶችንና የመሥሪያ ቤቶችን ኢንተርኔት ከሩቅ ሆኖ በክላውድ ኮምፒውተር ያጣራል፤ አደገኛውን ገጽ ይዘጋል፣ ጤነኛውን ያሳልፋል። ማሳለፉ የእኛ ድርሻ ሲሆን መዝጋቱ የእሳቸው ነው። «ይዘጋና እንነጋገር» ይላሉ። ስለ ራኪያ አረቄ አወጣጥ የሚያስተምረውን የገበሬዎች ገጽ አስካሪ መጠጥ ነው ብለው ዘጉት። የዳኑብን መዋኛ ገጽ በዕርቃን ከሰሱት። ለልደታቸው የላክንላቸውን የመልካም ምኞት ካርድ እንኳ «ላኪው አልተረጋገጠም» ብለው መለሱት፤ ላኪዎቹ ከጎናቸው ተቀምጠን ነበር።

ባለፈው ኅዳር ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ስልክ የምትቀበለው ባልደረባችን ዝላትካ የባሏ የዳንቾ አርባ ደረሰ። የሟች ፎቶግራፍና የመታሰቢያው ቀን በየበሩና በየምሰሶው መለጠፉ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዝላትካ ግን ዘመኑን ተከትላ ማስታወቂያውን በከተማዋ የሙታን መታሰቢያ ገጽ ላይ አወጣች። ማጣሪያችን ያን ገጽ ተመለከተ፦ ሁሉም ጥቁር ክፈፍ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል፣ የተለወጠው ስም ብቻ። «ማጭበርበሪያ» አለ። አቶ ራንጌልም አጸደቁ። ገጹ በከተማው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ተዘጋ።

ዝላትካ መጥታ ከፊታቸው ቆመች።

«የሞተ ሰው ምን ቫይረስ ያመጣል፣ አቶ ራንጌል? ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ ንፍሮውን የሚቀምስለት ይጣ?»

«ረጋ በይ እስቲ፣ ልመርምረው።»

መረመሩት። ከእያንዳንዱ ሟች ፎቶግራፍ ሥር «ሻማ ያብሩ» የሚል ምልክት አለ፤ ሲጫኑት የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። ሌቦች ከሐዘንተኛው መካከል ሰርገው ገብተው ኖሯል።

«አልከፍተውም» አሉ።

«መታሰቢያው እኮ ቅዳሜ ነው!»

«እግዜር ራሱ ቢደውል አልከፍተውም።»

«እንግዲያው ንፍሮውን ብቻዎን ይጨርሱታል!» ብላ እያለቀሰች ወጣች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አቶ ራንጌልን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አየኋቸው። ዝናቡ ይወርዳል። እሳቸው በወረቀት ያተሙትን የዳንቾን ማስታወቂያ ከካፖርታቸው ሥር ታቅፈው ምሰሶ ላይ ይለጥፋሉ። ማዕዘኑ ጠመም ካለ ነቅለው እንደገና ይለጥፉታል።

«ምን ገትሮ አቆመህ? ሙጫውን ያዝልኝ እንጂ! ደግሞ ሌላውን ሟች እንዳትሸፍንብኝ፤ እሱም ሰው ነው።»

ያዝኩ።

አንድ ሹፌር ከአውቶቡሱ ወርዶ ማስታወቂያውን አነበበና ቆቡን አወለቀ። «ዳንቾ? የእኛው ዳንቾ? ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም እኮ! ቅዳሜ መናኸሪያውን በሙሉ ይዤ እመጣለሁ።» ከዚያም ወደ አቶ ራንጌል ዞረ። «እርስዎ ምኑ ነዎት?»

አቶ ራንጌል በዝናብ የራሰ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ወዳጁ ነበርኩ» አሉ።

ዳንቾን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም። እኔም ሙጫውን ይዤ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ተከተልኳቸው።