ስድስት እግር ቲማቲም ነቅሎ ስለ ማጣራት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ የካቲት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ጉለሌ፣ የቀበሌው አዳራሽ። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦ ጓድ ጉልላት፣ ሰብሳቢ፤ ጓድ ቦጋለ፣ ምክትል፤ ጓድ ዳኜ፣ የቅስቀሳ ኃላፊ፤ ወ/ሮ ሾዴ፣ የአትክልቱ ተንከባካቢ (ድምፅ የላቸውም)፤ ስለሺ፣ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ ጓድ ባጫ፣ የግብርና ባለሙያ። ስላልተጠሩ።

አጀንዳ 1፦ ቲማቲሙ ለምን ይደርቃል?

ሰብሳቢው ሰኞ ከበላይ ጎብኚ እንደሚመጣ ገልጸው፣ በእደላ ከመጣው ዘር የተተከለው ቲማቲም ቢጫ ሆኖ መተኛቱ ቀበሌውን እንደሚያሳፍር አስረዱ። ወ/ሮ ሾዴ፣ ጓድ ባጫ ባለፈው መጥተው "አፈሩ ውስጥ ያለ ትል ሥሩን ያሳብጠዋል" ማለታቸውን፣ ከገዛ ዘራቸው ያበቀሏቸው ስድስት እግሮች ግን እዚያው አፈር ላይ ደህና መቆማቸውን ተናግረው፣ ሌላ ዘር ቤታቸው ስለሌለ ፍሬው እስኪበስል እንዳይነካባቸው ለመኑ።

ጓድ ዳኜ ትሉ ይቅረብ አሉ። በዓይን አይታይም ሲባሉ፣ "በዓይን ለማይታይ ነገር ቅዳሜዬን አላቃጥልም" አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ የትሉ ጉዳይ በሌለበት እንዲታይ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የወ/ሮ ሾዴ ዘር ትሉን ይቋቋማል ወይ?

ምልዓተ ጉባኤው አትክልቱ ወዳለበት ወንዝ ዳር ወረደ። ጓድ ቦጋለ ሥሩን ሳላይ አላምንም በማለታቸው አንድ እግር ተነቀለ። ሥሩ እንደ ክር ንጹሕ ነው፤ አጠገቡ ያለው የእደላው ግን ሥሩ ላይ ባቄላ የተሰካበት ይመስላል። ጓድ ዳኜ አንዱ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል አሉ። ሁለተኛው ተነቀለ። ሰብሳቢው፣ ምክትላቸው ነቅለው እሳቸው አለመንቀላቸው ከሥልጣን ተዋረድ አንጻር ደግ እንዳልሆነ አሳሰቡ። ሦስተኛው ተነቀለ። ወ/ሮ ሾዴ "አንተ ልጅ፣ ተው እንጂ! እናትህ እኮ ታውቀኛለች" በማለታቸው፣ ሰብሳቢን አንተ ማለት ከሥርዓት ውጭ መሆኑ ተነግሯቸው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ታዘዙ። እሳቸው ግለ ሂስ ሲያደርጉ የቀሩት ሦስቱ ተነቀሉ። ከስድስቱ ላይ የበሰለ ፍሬ አንድ ብቻ ስለነበር ሰብሳቢው ለምርመራ በሉት። ጨው ጠይቀው ነበር፤ አልተገኘም።

ዘሩ ትሉን እንደሚቋቋምና በመጪው ዓመት በቀበሌው ሁሉ እንዲተከል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ሾዴ "ከየት በመጣ ዘር?" ብለው ጠየቁ። ጉባኤው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገረ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጓድ ቦጋለ፣ ሰኞ ጎብኚው "ማን ነቀለው?" ቢል ምን እንላለን የሚል ጥያቄ አነሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ የተነቀለውም እንዳልተነቀለ እንዲቆጠር፤ ስድስቱም ወደየጉድጓዳቸው ተመልሰው በእንጨት ተደግፈው እንዲታሰሩ፤ ሰኞ ጠውልገው ቢገኙ ወ/ሮ ሾዴ ተጠያቂ እንዲሆኑ ተወሰነ።

ወ/ሮ ሾዴ አልፈርምም አሉ። ሰብሳቢው ቲማቲሙን ሲበሉ አገጫቸውን የጠረጉበትን መሐረብ ግን "አምጣው፣ አጥቤ እመልስልሃለሁ" ብለው ተቀበሏቸው። ጸሐፊው እንዳየው መሐረቡ ላይ አሥራ አንድ ፍሬ ዘር ተጣብቆ ነበር።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ። የመሐረቡ ነገር በአጀንዳ ስላልተያዘና ምንም ስላልተወሰነበት ሊሻር አልቻለም።