ሁሉም ሰው ደህና የሆነበት ሕንጻ

እኔ የምለው፣ እኛ ሰዎች ለመሆኑ ታመን እናውቃለን? "እንዴት ነህ?" ሲሉን "እግዜር ይመስገን፣ ደህና" ነው። ሰው ሞቶ ለቅሶ ስንደርስ እንኳ "ምነው፣ ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ?" እንላለን። ደህና መሆኑን ማን ነገረን? ራሱ ሟቹ ነዋ!

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ዋሽንግተን ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የላቲኖዎችን፣ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡትን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ በር ሳንኳኳ ነው።

"የላቲኖ በር ምን ልታደርግ አንኳኳህ?" ማለታችሁ አይቀርም። በልጅነቴ ኩባ ተልኬ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛዬ ዛሬም ያነክሳል፤ ስፓኒሼ ግን ይጋልባል። አሜሪካ ስገባ የጠቀመኝ በምሠራበት ፓርኪንግ ካሉ ላቲኖ ባልደረቦቼ ጋር ለመቀላለድ ብቻ ነበር። ኋላ ዶክተር ማሪሶል የምትባል የጤና ተመራማሪ አገኘችኝ። ስፓኒሽ የሚናገር ሐበሻ ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ቀጠረችኝ።

ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው። ላቲኖዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከጠና በኋላ የሆነው ለምንድን ነው? ግምቷ ይህ ነው፦ ቀን ቀን ቢሮ ያጸዳሉ፣ ሬስቶራንት ዕቃ ያጥባሉ፤ እነሱ ከሥራ ሳይወጡ ሐኪሙ ዘግቶ ይሄዳል። ችግሩ በጥናቱ ከታየ እዚያው መንገዳቸው ላይ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሠራ ክሊኒክ ይከፈታል። ካልታየ ክሊኒኩ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

መጠይቄን ይዤ አንዱን ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ዶኛ ኤርኔስቲና ነበሩ፣ የኤል ሳልቫዶር ሴት። ዶኛ ማለት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው፤ ስለዚህ እትዬ ኤርኔስቲና ልበላቸው። "ጤናዎ እንዴት ነው?" አልኳቸው። እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አሉ። ይህን ሲሉኝ ግራ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። እኔ እግራቸውን አየሁ፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ። "ጫማ ጠቦኝ ነው" አሉኝ። ምን ላድርግ? የሚጻፈው ተጠያቂው ያለው እንጂ ጠያቂው ያየው አይደለም። "በጣም ደህና" ብዬ ጻፍኩ።

ቀጣዩ በርም ደህና ነው። ከዚያ የሚቀጥለውም። ሳል አላናግር ብሎት በእጁ ምልክት የመለሰልኝ ሰውዬ እንኳ ምልክቱ "ደህና ነኝ" ነበር።

ማሪሶል ወረቀቶቹን ስታነብ ራሷን ያዘች። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ጤነኛ ሕንጻ አይገኝም፤ ለጤነኛ ሰው ደግሞ ክሊኒክ የሚከፍት የለም አለችኝ። እንደ ቀልድ አለችው እንጂ አልሳቀችም። እኔም ያ ጨርቅ በዓይኔ ላይ ሄደብኝና አዘንኩ። ክሊኒኩን ከእኚያ ሴት እግር ላይ በእስክሪብቶዬ የነጠቅሁት እኔው መሰለኝ።

ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ጋሽ ታደለ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ አገኘሁት። ጋሽ ታደለ ታክሲ ነጂ ነው፣ አብሮኝ ይኖራል። ጥርሱ አብጧል። ስልክ ጮኸ፤ እህቱ ናት፣ ከጌይተርስበርግ። "ኸረ ደህና ነኝ! እንዲያውም ፊቴ ሞላ ሞላ ብሏል" አላት። ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። "እሷ ናት እንጂ ያልተሻላት። ብለድ ፕሬዠሯ ሃይ ሆኖ፣ ሐኪሙ ኮል ቢያደርጋት ፒክ አላደረገችም። ለማንም እንዳትናገር።" በዚያው ከአናንዴል እስከ ኮሌጅ ፓርክ ያለውን የሐበሻ ኩላሊት፣ ጨጓራና ሪህ ዘረዘረልኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ አይደል?

እኔ ግን ተነስቼ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ሰው የራሱን በሽታ ይደብቃል። የጎረቤቱንስ ማን ይደብቃል?

በማግስቱ ነገሩን ለማሪሶል አጫወትኳት። አሰበችበትና አንድ ጥያቄ ጨመረች፤ ጤናው የሚያሳስብዎት ጎረቤት አለ? ምን ሆኖ ነው? ስምና የቤት ቁጥር እንዳይጻፍ ግን አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

ያ ሕንጻ አፍ አወጣላችሁ። ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። እትዬ ኤርኔስቲና ብቻቸውን አንድ ሰዓት ሙሉ ስለሰው ሳል፣ ስለሰው ልብ፣ ስለሰው ዓይን አወሩኝ። የእሳቸውን እግር ደግሞ ከላይም ከታችም ፎቅ ያልነገረኝ ጎረቤት የለም። ወረቀቱን ያነበበ ሰው የሚያገኘው አንድም ታማሚ የሌለበት፣ ጎረቤት ሁሉ የታመመበት ሕንጻ ነው። ለእኔ ካወሩ በኋላም አላቆሙም፤ እርስ በርሳቸው "ኸረ ታከሚ፣ ኸረ ታከም" መባባል ጀመሩ።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ማሪሶል ጥቂት ቤቶችን ራሷ እንደገና ዞራ ጠየቀች። ጠያቂው መልሱን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ፈጥሮት እንዳይሆን እንዲህ ማጣራት የሥራው ደንብ ነው አለችኝ። ደንብ ይሁን፣ ማን ከለከለ? ግን እኔን ነው የምትጠረጥረኝ? ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ክሊኒኩ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ኤርኔስቲና በሁለት ጎረቤቶቻቸው ተይዘው፣ "ደህና ነኝ እኮ" እያሉ ገቡ። ሐኪሙ ስኳር መሆኑን ነገራቸው፤ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እግሩ ይቆረጥ ነበር፣ አሁን ግን ይድናል አላቸው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በሩ ላይ ደረቴን ነፍቼ ሰው ሳስገባ ማሪሶል ጠራችኝና "ተቀመጥ፣ ጣትህን አምጣ" አለችኝ።

ምነው? አልኳት። ለካ ዞራ በጠየቀችባቸው ቤቶች ሁሉ ያሳስበናል ያሉት አንድ ሰው ነው። ደንቡን አክብረው ስም አልጠሩም። እንደ ኩባ ሰው የሚያወራው፣ ወረቀት የያዘው ኢትዮጵያዊ ነው ያሉት። በየቤቱ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጣል፤ ወዲያው ሽንት ቤት ይጠይቃል፤ ካወቅነው ወዲህ እንኳ ሱሪው ሰፍቶታል፤ ለመሆኑ የሚያየው ሰው የለውም? ብለዋታል። እኔ የምኖረው ወንዝ ማዶ ነው። እነሱ ግን ጎረቤት ብለው ቆጥረውኛል። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

"እና እንዴት ነህ?" አለችኝ።

"ተመስገን፣ ደህና ነኝ" አልኳት፣ ጣቴን ወደ ኋላዬ ደብቄ።

የእኔ ስኳር ከእትዬ ኤርኔስቲና በልጦ ተገኘ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እንደ እትዬ ኤርኔስቲና ያለ ጎረቤት ኖሯቸው አያውቅማ!