«ኤም ኤስ አለኝ» ብላቸው

እኔ የምለው፣ በሽታ ስም ሲያወጣ ሰው አያማክርም እንዴ? የእኔው «ኤም ኤስ» ይባላል። የነርቭ በሽታ ነው። ሲያሻው እግሬን ያደነዝዛል፣ ሲያሻው ዓይኔን ያደበዝዛል፤ ድካሙማ ተኝቼም አይወጣልኝ። ከላይ ሲያዩኝ ግን ምንም አይታይም። ጉዱ እሱ ነው።

የምሠራው ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያለ አንድ የትርጉም ቢሮ ነው። አራተኛ ፎቅ። ሊፍት አለን፤ ከተገጠመ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም እንጂ። ደረጃው ሥራዬን ሊያስጥለኝ ሲደርስ ወደ ኃላፊያችን ወደ ጋሽ መኮንን ሄድኩና፣ «ምድር ቤት ያለችውን ባዶ ክፍል ይፍቀዱልኝ፤ ኤም ኤስ አለኝ» አልኳቸው። ብድግ ብለው ጨበጡኝ! «እንኳን ደስ ያለሽ! በምን ተመረቅሽ?» አይሉኝም? ማስተርስ መስሏቸው እኮ ነው። ለካ ለዲግሪ «አለኝ»፣ ለበሽታ «አለብኝ» ነው የሚባለው። ተርጓሚ ተብዬ!

በሽታ መሆኑን ሳስረዳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ደግሞ ምን ሆንሽና? ፊትሽ እንደሁ ያበራል» አሉኝ። ነርቭ የሚበቅለው ፊት ላይ ነዋ! አጠገቤ የምትቀመጠው ወይንሸት ደግሞ ጠዋት ስንገዳገድ አይታኝ ኖሮ፣ «ኧረ መጠጡን በጾም እንኳ ተይው» ብላ መከረችኝ። አንዱ ጠበል አዘዘልኝ፣ አንዱ ጥቁር አዝሙድ። ሐኪሞቹ ስንት የለፉበትን እነሱ ቆመው ጨረሱት። ክፍሏን ግን ያዘዘልኝ የለም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይጥራ! እኔ ግን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሲነጋ መጠበቅ አልቻልኩም። አንድ ሰኞ ግራ እግሬን በፋሻ ጠቅልዬ፣ እያነከስኩ ገባሁ። «ወለምታ ነው» አልኩ። ኧረ ስንቱን አየሁ! ወይንሸት ደግፋ አስቀመጠችኝ። ጋሽ መኮንን «ምነው ልጄ፣ ምነው!» እያሉ ወንበሬን በገዛ እጃቸው አወረዱልኝ። ምሳ ሳይደርስ ምድር ቤት ገባሁ። ወጌሻ ሳይቀር አስጠሩልኝ። እሱም ምንም ያልሆነውን ቁርጭምጭሚቴን አሽቶ አሽቶ፣ «በደንብ ወልቆ ነበር» ብሎ መሰከረልኝ። እግዜር ይስጠው።

ትናንት ታዲያ ጋሽ መኮንን ብቅ አሉና፣ «መቼም ሲሻልሽ ወደ ላይ ትመለሻለሽ» አሉኝ።

«እንዴታ!» አልኳቸው።

ግራው ሊድን ነው፤ እንግዲህ ቀኙ ይወልቃል። ሁለት እግር የሰጠኝ አምላክ ይመስገን!