በረቡዕ ምድር የበሬ አጥንት ውሃ

ወገን! ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሃይማኖት አስቀየምኩ።

በአንድ! ያውም አጭር ዓረፍተ ነገር ነው።

ሻይ የያዛችሁ አስቀምጡትና ስሙኝ፤ ኋላ በአፍንጫዬ ወጣ ብላችሁ እንዳትወቅሱኝ።

ለማታውቁኝ፣ የናዝሬት ልጅ ነኝ። አዳማ በሉኝ ናዝሬት በሉኝ፣ በሁለቱም አቤት እላለሁ። የናዝሬት ልጅ መሆኔን ለማስረዳት ደግሞ መታወቂያ አያስፈልገኝም፤ አፌን ከከፈትኩ አለቀ። ጥርሴ ቡኒ ነው። ፕሮፋይሌ ላይ ከንፈሬን ገጥሜ የምታዩኝ ሚስጥራዊ ሴት ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ!

አዲስ አበባ ስማር «ታጨሻለሽ እንዴ?» ያላለኝ ሰው የለም። ኧረ አላጨስም! ውሃ ነው የጠጣሁት። የቦኖ ውሃ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለበት። የከርሰ ምድር ውሃ ድንጋዩ ውስጥ ሲመላለስ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞት ይወጣል። ትንሹ ለጥርስ ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን የሕፃን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያበላሸዋል። ዕድሜ ልክ ሲጠጡት ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሰፈራችሁ ውስጥ ወገባቸው አልታጠፍ ያላቸው አዛውንቶች ካሉ የምለው ይገባችኋል።

እኔ ማስተርሴን የምሠራው በዚሁ ላይ ነው። የከብት አጥንት ይሰበሰባል፣ አየር በማይገባው ምድጃ ይቃጠላል፣ ከሰል ይሆናል፣ ይደቅቃል፣ በርሜል ውስጥ ይሞላል። ውሃው በከሰሉ መሃል ሲያልፍ ፍሎራይዱ እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ፍሎራይድ አጥንት ይወዳላ! የኛን ከመያዙ በፊት የበሬውን እንስጠው ነው ነገሩ።

ዘዴውን እኔ አልፈጠርኩትም፣ የቆየ ነው። የኔ ጥናት ከሰሉ እዚህ አገር ውሃ ላይ ስንት ወር ይሠራል የሚለው ነው። ለዚህ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ማዳበሪያ ተሸክሜ የናዝሬትን ሥጋ ቤቶች ዞርኩ። የከተማው ውሻ ሁሉ ያውቀኛል። አንዳንዱ ታክሲ ድረስ ይሸኘኛል።

እሺ፣ ወደ ዛሬ።

ከናዝሬት ወደ ሶደሬ ሲኬድ ገባ ብላ ያለች አንዲት ቀበሌ አለች። ያለቻት አንድ ቦኖ ናት፤ ሕፃናቱ በሙሉ ከሷ ነው የሚጠጡት። በርሜሌን እዚያ ለመትከል የውሃ ኮሚቴው ዛሬ መፈረም አለበት። ካልፈረመ ነገ ጠዋት በርሜሉ ተጭኖ ወደ ዝዋይ፣ ለሌላ ተማሪ! የኔ ጥናት ደግሞ ለከርሞ። አማካሪዬ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም። እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ከድር ናቸው። አርሲ ተወልደው እዚህ ሱቅ ከከፈቱ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ቦኖዋን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ደግሞ እማማ ዘነቡ ናቸው። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፣ ከማተባቸው ጎን። የሐጂ ፊርማ ያለ እማማ ዘነቡ ቁልፍ ዋጋ የለውም።

«ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ይሁን» አሉኝ የኮሚቴው ሰዎች። እሺ አልኩ። ለምን ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ምን ነበረበት ብጠይቅ! ምናለበት!

ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ትልልቅ ሰዎች የአንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሐጂ «አካም ጅርታ፣ ዶክተር» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም። ግን አላረምኳቸውም፣ ጣፍጦኛላ!

እጄን አፌ ላይ አድርጌ ማስረዳት ጀመርኩ። ይህ የልጅነት ልማዴ ነው፣ ሳወራ ጥርሴን እሸፍናለሁ። ቀጥሎ ሁለት ብርጭቆ ደረደርኩ፣ አንዱ የቦኖ ውሃ፣ አንዱ የተጣራ። ሁለቱም ላይ ሮዝ መመርመሪያ ጠብ አደረግኩ። የቦኖው ወዲያው ቢጫ ሆነ። የኔው ሮዝ እንደሆነ ቀረ።

«ቢጫው ፍሎራይድ የበዛበት ነው» አልኩ።

አጨበጨቡ! እኔም ልቤ አበጠ። ከበርሜሉ እየቀዳሁ በየኩባያው አደልኩ። ጠጡ። «እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ። እማማ ዘነቡ ደገሙ። ሐጂ ሦስተኛቸውን ያዙ። እኔ በልቤ የምረቃ ጋዋኔን እየተኮስኩ ነው።

እማማ ዘነቡ አፋቸውን ጠረግ አድርገው «በምንድን ነው ያጣራሽው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«በበሬ አጥንት!»

እንዲህ ነው ያልኩት። በፈገግታ!

አንዲት ሴትዮ አፋቸው ውስጥ ያለውን ውሃ መዋጥም መትፋትም አቅቷቸው ጉንጫቸው ተነፍቶ ቀረ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉ እማማ ዘነቡ፣ ቀስ ብለው።

«ረቡዕ» አልኩ። አሁንም አልገባኝም!

ጓዶች፣ እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ጾም ሲታወጅ በቴሌግራም ግሩፕ ይነገረናል። ረቡዕ ለኔ የመዘምራን ልምምድ ቀን ነው፣ በቃ። እነዚህ እናቶች ግን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው፣ መጀመሪያ አፋቸው የገባው የኔ የበሬ አጥንት ጭማቂ!

ሴትዮዋ በመስኮት ተፉት። «በስመ አብ! አስገደፈችኝ!» አሉ ሌላዋ። ክፍሉ ተናወጠ።

ይሄኔ ሐጂ ከድር ኩባያቸውን እንደያዙ ጠየቁኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «በሬውን ማን ነው ያረደው?»

ሰዎች፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ጥሩ መልስ ያለኝ መሰለኝ! አድልዎ የለብኝማ!

«ግማሹ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው፣ ግማሹ ከሙስሊም፤ ሁሉንም ቀላቅዬ ነው ያቃጠልኩት!»

ያቺ ናት ዓረፍተ ነገሯ።

እዚህ አገር ሁሉ ነገር አብረን እንበላለን፣ ሥጋ ሲመጣ ግን በየቢላችን እንደምንለያይ የአራት ዓመት ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ሁሉንም እኩል ሐራም አደረግኩት! ሐጂ ኩባያውን ዴስኩ ላይ አስቀመጡና በአንድ ጣት ከራቃቸው ገፉት። «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«እማማ፣ እሳት ገብቶበታል እኮ፣ ሥጋም ቅባትም የለውም» አልኩ እየተንተባተብኩ።

«አጥንት ተቃጥሎ ምን ይሆናል፣ ጎመን?» አሉኝ።

የምርምር ሥነ ምግባር ኮርስ ላይ ኤ ነው ያገኘሁት። ኤ! የኮርሱ የመጀመሪያ ገጽ «ሰው የሚወስደውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት» ይላል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አጠጣሁ፣ ከዚያ ነገርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። ማን ሊሰማኝ! እየተነሱ ወጡ። ፊርማዬም አብሯቸው ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። የአንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሚያምር ለቅሶ አይደለም፣ አፍ ተከፍቶ የሚለቀሰው ዓይነት ነው። ዝዋይ የሚሄደው በርሜል ታየኝ፣ ያ ሁሉ ማዳበሪያ ታየኝ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ እነዚያ ሕፃናት ነገም ከነገ ወዲያም የሚጠጡት ውሃ ታየኝ።

እማማ ዘነቡ ጃንጥላቸውን ረስተው ኖሮ ተመልሰው ገቡ። አዩኝ። ቆሙ።

«አፍሽን ክፈቺ እስቲ።»

ከፈትኩ። ምን አማራጭ አለኝ!

«ውይ! አንቺም?» አጠገቤ ተቀመጡ። «የት ነው ያደግሽው?»

«እዚሁ፣ ናዝሬት።»

«እኛ እኮ የአዲስ አበባ ሰው መስለሽን ነው! አፍሽን ይዘሽ ስታወሪ ጊዜ፣ ጠረናችንን ተጸይፋ ነው ብለን አማንሽ።»

ወይኔ! ስንት ዓመት እፍረቴን ስደብቅ ለካ ሰው እያስቀየምኩ ነው የኖርኩት።

በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ጥርሱ የሚበላሸው መቼ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«ድድ ውስጥ እያለ ነው፣ እማማ። እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ድረስ። ከዚያ በኋላ የበቀለው በቅሏል።»

«ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ይጾማል?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። የጴንጤ ልጅ ምን ያውቃል!

«አይጾምም! አንቺ ይሄን ሁሉ ተምረሽ ይሄ ጠፋሽ? ውሃሽ የሚያስፈልገው ለማይጾመው ነው!»

ወገን፣ ፀጉሬ ቆመ። ሁለት ዓመት ጽሑፍ አንብቤ ይህንን የትም አላገኘሁትም። ሴትዮዋ ጃንጥላ ሊወስዱ ገብተው ችግሬን ፈቱት!

በሩ ላይ ቆመው ተጣሩ። «ኑ! ሁላችሁም ተመለሱ! ይቺ ልጅ የኛው ናት!»

ተመለሱ። እማማ ዘነቡ «ጥርስሽን አሳያቸው» አሉኝ። እጄን አወረድኩና አሳየሁ። ሃያ ሰው ፊት! ከዚያ ያሰቡትን እሳቸው አስረዱ፣ ከኔ በተሻለ። ያስገደፍኳቸው ሴትዮ እንኳን «ለልጆቹ ከሆነማ…» አሉ።

ሐጂ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅም ቢሆን የኛ ልጅ የኛን እርድ ነው የሚቀምሰው» አሉ።

ልቤ እንደገና ወረደ።

«ስለዚህ በርሜሉ ሁለት ይሁን» አሉ ቀጥለው። «አጥንቱ ለየብቻ፣ ማቃጠሉም ለየብቻ።»

«ሐጂ፣ ያለኝ እኮ አንድ በርሜል ነው።»

«በርሜል ነው የቸገረሽ? የምግብ ዘይት በርሜል ሱቄ ጓሮ ተደርድሯል፣ ታጥቦ ይመጣልሻል!»

«ይሄ የተቀላቀለው ከሰልስ?» አልኩ፣ የሦስት ወር ላቤን እያየሁ።

«እሱን ጎመን መደብ ላይ ድፊው፣ ያን ጊዜ ጎመን ይሆንልሻል» አሉ እማማ ዘነቡ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ አፌን ሳልይዝ።

ፈረሙ! ሐጂ በእስክሪብቶ፣ እማማ ዘነቡ በአውራ ጣታቸው። ሰነዱ ላይ የኮሚቴው ውሳኔ ተብሎ ተጨመረ፤ በርሜል ሁለት፣ አጥንት ሳይቀላቀል፣ ቃጠሎውን ሽማግሌዎች ቆመው ያያሉ። እማማ ዘነቡ ራሳቸውም ከረቡዕና ዓርብ በቀር ሊጠጡ ወሰኑ፣ ለወገባቸው። «ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እንነጋገራለን» አሉ።

አሁን የቀረው አማካሪዬ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ረቡዕን፣ ሥጋ ቤቶቹን፣ ለቅሶዬን። አበቃልኝ ብዬ ባጃጁን አስቆምኩ።

«ሁለት በርሜል? ከሁለት ዓይነት አጥንት?» አለኝ። «እኔ እኮ ማነጻጸሪያ የለውም ብዬ ልጥልብሽ ነበር። በይ ከነገ ጀምሪ!»

እልልልል! ባለባጃጁ ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ነገ እንደገና ማዳበሪያዬን ይዤ ሥጋ ቤት ለሥጋ ቤት ልዞር ነው፣ ያውም በሁለት ማዳበሪያ፣ ግን ማን ደከመው!

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ።

ስወጣ ሐጂ ከድርና እማማ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው ይከራከሩ ነበር። «የኛ አጥንት ይበልጥ ያጣራል፣ ታያለሽ!» ይላሉ ሐጂ። «እንተያያለና!» ይላሉ እማማ። ቀበሌው ለሁለት ተከፍሎ ጭብጨባ ጀምሯል። የቤተ ሙከራዬን ውጤት እንደ ደርቢ ጨዋታ እየጠበቁት ነው!

እኔ ደግሞ ውጤቱን ከወዲሁ እገምተዋለሁ። ፍሎራይድ በሬውን ማን እንዳረደው አያውቅም። ሁለቱም በርሜል እኩል ነው የሚያጣራው።

እኩል ብዬ ሄጄ ልነግራቸው ነው?! እስቲ አብሮኝ የሚሄድ ጀግና ማን ነው?