ሬሳ የሌለበት መጽሐፍ የማይጥማቸው አክስቴ

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም፦ ዝንብ ለመግደል የሚሳሳ፣ ሲያነብ ግን ሬሳ ካላገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክብርት አክስቴ ናቸው።

አክስቴ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ፊታቸው ሳቂታ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። መደርደሪያቸው ግን ከላይ እስከ ታች ታንቀው፣ ተመርዘውና ታርደው በሞቱ ሰዎች ታጭቋል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወደዚህ ዓለም ሳስገባ ኖርኩ። አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚወጣ ልይ እንጂ!» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጥተው የፍቅር ፊልም ከፈትንላቸው።

«ማንም አይሞትም?»

«አይሞትም አክስቴ። መጨረሻ ላይ ይጋባሉ።»

«ተዉት በቃ፣ ከተጋቡ ክፍል ሁለት ላይ ይገዳደላሉ» ብለው ትራሳቸውን አመቻቹ።

ጎረቤታቸው ፋርማሲስት አካፋ የገዛ ሰሞን ደግሞ ስልክ ደወሉልኝ። «መርዝ ያውቃል፣ አካፋ ገዝቷል፣ ሚስቱ አትታይም። ሌላ ምን ቀረህ?» ሚስትየዋ ከእህቷ ሠርግ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመለስ ክብርት አክስቴ አገላብጠው ሳሟት። «እንኳን በሕይወት መጣሽ!» አሏት። እስከ ዛሬ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም።

ባለፈው ክረምት የሐሞት ጠጠር ይዞኝ ኦፕራሲዮን ታዘዘልኝ። ወንድሜ «ቀላል ነው» ይላል፣ ባለቤቴ «አይዞህ» ትላለች፤ እኔ በውስጤ እየተናዘዝኩ ነው። በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ አክስቴ ሽፋኑ ላይ ቢላዋ የተሳለበት መጽሐፍ ይዘው ገቡ።

«አክስቴ፣ ዛሬ እንኳ ቢቀር ምናለ?» አለች ባለቤቴ።

«ዝም በይ ልጄ፣ ፈሪ አይዞህ ሲባል ይብስበታል» ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ባለጸጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞታ ተገኝታለች። ገዳዩ ወይ አትክልተኛው ነው፣ ወይ ወንድሟ። ነርሷ መርፌዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አልጋዬ እየተገፋ ሲሄድ እንኳ አክስቴ ከጎኔ እየተራመዱ፣ በሩ እስኪዘጋባቸው ድረስ አነበቡልኝ። ማደንዘዣው ሲወስደኝ የማስበው ስለ አትክልተኛው ነበር።

ስነቃ ባለቤቴ ታለቅሳለች፣ ሐኪሙ ስፌቴን ያያል።

«አትክልተኛው ነው?» አልኩ ገና አፌን ስከፍት።

ባለቤቴ ጭንቅላቴ የተነካ መስሏት ደነገጠች። አክስቴ ግን እጄን ጨብጠው፣ «እሱ ነው ልጄ፣ እሱ ነው» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሳገግም መጽሐፉን ራሴ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ጉድ ነው! አክስቴ ሲያነቡልኝ ስሙ ያልተነሳ ሦስተኛ ተጠርጣሪ አገኘሁ፤ የሟቿ የግል ሐኪም። ገዳዩም እሱ ነው፣ ያውም በመርፌ። እሱ ያለበትን አንቀጽ ሁሉ እየዘለሉ ነበር ያነበቡልኝ።

ወዲያው ደወልኩላቸው። «አክስቴ፣ ዋሹኝ!»

«ታዲያ ሐኪሙ ነው ልበልህ? ሰውየው ሆድህ ላይ አጎንብሶ ቆሞ!»